በፖስታ የሚመልስ ማሽን

ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 22 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘርአ ዳዊት ወልደተንሣኤ
ላይፕዚግ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ሁለት ነገሮችን ከአንተ ስለምፈልግ ነው። አንደኛው፣ በሚመጣው ሰኔ ለምቀመጥበት ፈተና አስተማሪ እንድትሆነኝ ነው። ሁለተኛው፣ ዛሬም ተማሪ መሆንህን የሚያስረዳ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከዩኒቨርሲቲህ አስጽፈህ እንድትልክልኝ ነው። ጤናህን ሳልጠይቅ ወደ ጉዳይ መግባቴን በክፉ አትየው። የአንኮበሩ ሚካኤል በሄድህበት ሁሉ ይከተልህ። እናትህ እትዬ ለተጊዮርጊስ ደኅና ናቸው። አባቴም ጉልበቱ ቢደክምም ከቅዳሴ አልቀረም። ክረምቱ ከብዷል፤ ገብሱ ግን አልተኛም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት የሰብል ጥናት ጽሕፈት ቤት በመጪው ዓመት ኮምፒዩተር ይመጣለታል። ማሽኑ ብዙ ሠራተኞች በየጠረጴዛቸው ሆነው በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙበት፣ ዩኒክስ በሚሉት ሥርዓት የሚተዳደር ነው። እንዲህ ያለው ማሽን ጠባቂ ይፈልጋል። ማን እንደሚገባ፣ ማን የማንን ሥራ ማየት እንደሚችል የሚወስን፣ ሊጠፋ የሚችለውንም ቀድሞ በቴፕ ገልብጦ የሚያኖር ሰው ማለት ነው። ጠባቂው የሚመረጠው በፈተና ሲሆን ፈታኙ ከናይሮቢ ይመጣል፤ የሚሰጠውም የምስክር ወረቀት በሌላ ሀገር ጭምር የሚታወቅ ነው ተብሎ ተነግሮናል። ከቅርንጫፋችን የታጨሁት እኔ ብቻ ነኝ። ካላለፍሁ፣ ወይም ለፈተናው ካልቀረብሁ፣ ሰው ከአዲስ አበባ ይመደባል፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ ሌሎች ያሰቡትን ስተይብ እኖራለሁ።

ወረቀቱን የምፈልገው በዋስትናው ምክንያት ነው። በ1978 ዓ.ም. ወደዚያ ስትሄድ፣ ተምረህ እንድትመለስ የሚዋስህ ሰው የመንግሥት ደመወዝተኛ እንዲሆን ተጠየቀ። የሚያዛምደን የአያቶቻችን እኅትማማችነት ብቻ ቢሆንም ከዘመድ ሁሉ ደመወዝ ያለኝ እኔ ነበርሁና እትዬ ለተጊዮርጊስ «የእኛ ደመወዝተኛ አንቺ ነሽ» ብለው ቢሮዬ ድረስ መጡ፤ ፈረምሁ። አሁን የፈተናው መመሪያ በዋስትና ያለ ሠራተኛ ዋስ የሆነለት ሰው በትምህርት ላይ መሆኑን በማስረጃ ካላቀረበ አይመዘገብም ይላል። የሚያስፈልገኝ አንድ ወረቀት ነው።

የትምህርቱን ዘዴ እኔው አስቤዋለሁ። እዚህ የምለማመድበት ማሽን የለም። ስለዚህ ትእዛዞቹን በእንግሊዝኛው የጽሕፈት መኪና በወረቀት ላይ እየተየብሁ እልክልሃለሁ። አንተ በዩኒቨርሲቲህ ማሽን ላይ ልክ እንደተየብሁት፣ ስሕተቴንም ሳታርም ትጽፋቸዋለህ። ከዚያ ማሽኑ የመለሰውን ከየትእዛዙ ጎን ገልብጠህ ትመልስልኛለህ። መልሱ በሳምንታት ቢዘገይም ከማሽን የመጣ ስለሚሆን እታገሠዋለሁ።

እኅትህ
ወለተሐና ገብረመንፈስቅዱስ


ላይፕዚግ፣ መስከረም 20 ቀን 1982 ዓ.ም.

ወለቴ!

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የፍርድ ቤት መጥሪያ መስሎኝ ደነገጥኩ። «አንደኛው፣ ሁለተኛው» ትያለሽ! ሰላምታሽ እንኳ ተራ ቁጥር እየጠበቀ ነው የሚገባው። የሆነ ሆኖ አዲሱን ዓመት የጤና ያድርግልሽ፤ ለቄስ ገብረመንፈስቅዱስም ጉልበት ይስጥልኝ። ደስ አለኝ፤ ከዘመዶቻችን መሐል በዩኒክስ የምትጽፍልኝ ሴት ትገኛለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

አብሮ የሚመጣው መጽሐፍ ያንቺ ነው። እንግሊዝኛው ቀላል ነው። አንድ ነገር ግን ከመጽሐፉ በፊት ከእኔ ስሚ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ በላይ የሆነ አንድ ተጠቃሚ አለ፤ «ሥር» ይሉታል። ሥር ያሻውን ያነባል፣ ያሻውን ይደመስሳል፤ ማሽኑም «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቀውም። ለዚህ ነው ጎበዝ ጠባቂ ቀኑን ሙሉ እንደ ተራ ሰው ሲሠራ የሚውለው። ሥር የሚሆነው ሲቸግረው ብቻ ነው፤ ጉዳዩን እንደጨረሰም ወዲያው ይወጣል። ሥር ሆኖ የሚውል ሰው አንድ ቀን በገዛ ጣቱ ቤቱን ያፈርሳል። ይኼን ፈታኙ ባይጠይቅሽም ያዥው።

ወረቀቶችሽን ላኪ፤ ማሽንሽ እኔ ነኝ። የተማሪነቱ ደብዳቤ ቀላል ነው። ጉዳዩን የያዘችው ሴትዮ ዕረፍት ላይ ናት፤ ስትመለስ አስጽፋለሁ።

የእማማን ፎቶግራፍ አስነሺልኝ እስቲ። ፎቶ አንሺ ፊት ስትቆም እንደ ወታደር ትገተራለች፤ አስቂያት።

ዘርአ ዳዊት


ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 26 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘርአ ዳዊት

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ መጽሐፉ ከነሙሉ ገጹ ደርሶኛል። ስለ ሥር የጻፍህልኝን በራሴ እጅ ገልብጬ ከጠረጴዛዬ መስተዋት ሥር አኑሬዋለሁ። የእናትህ ፎቶግራፍ እዚሁ ውስጥ አለ። ሊስቁልኝ አልቻሉም፤ ፎቶ አንሺው «ፈገግ ይበሉ» ቢላቸው «ልጄ ሲመጣ እስቃለሁ፤ አሁን ዝም ብለህ አንሣ» አሉት።

ማሽን የሆንህልኝ አንተ ብቻ እንዳይመስልህ። ፊት ለፊቴ የምትቀመጥ መሊካ የምትባል የአልዩ አምባ ልጅ ባልደረባ አለችኝ። በምሳ ሰዓት መጽሐፉን ትይዛለች፤ እኔ ትእዛዝ እላለሁ፣ እሷ መልሱን ከመጽሐፉ ታነባለች። ትናንት «የሒሳብ ክፍሉን ፋይል አሳየኝ» ብላት «ፈቃድ የለሽም» አለች።

«ሥር ነኝ እኮ» አልኋት።

«ወላሂ ግንድም ሁኚ! የምስጢር ቃሉን ሳትነግሪኝ አንዲት መስመር አላሳይሽም።»

መጽሐፉ የማይለው ነገር ሲያጋጥማት ደግሞ «እኔ እንጃ፤ የጀርመኑን ማሽን ጠይቂ» ትላለች። የጠየቅናቸውን ሁሉ በዚህ ወረቀት ተይቤ ልኬልሃለሁ። አደራህን፣ ስሕተቴን አታርምልኝ። እንደ ዘመድ ሳይሆን እንደ ማሽን መልስልኝ።

የተማሪነትህን ደብዳቤ የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ አቶ ወልደአረጋይ በኮሪደሩ ባለፍሁ ቁጥር ይጠይቁኛል። ባለፈው ሰኞ በሰው ፊት አቆሙኝና «ዘመድሽ ተማሪ ነው አይደለም?» አሉኝ።

«ነው» አልሁ።

«ታዲያ ተማሪ ነኝ ለማለት ምን ይህን ያህል ያስምጠዋል? እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እንኳ መታወቂያ ነበረኝ።»

ሠራተኛው ሳቀ። እኔ ሳቁ ውስጥ አልገባሁም። ያች ሴትዮ ከዕረፍቷ ተመልሳ ከሆነ እባክህ ወረቀቱን ላክልኝ።

ወለተሐና


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 19 ቀን 1982 ዓ.ም.

ወለቴ፣ ለመሊካ ሰላም በያት። የሥራ ተቀናቃኝ እንዳለኝ አላወቅኩም ነበር።

ወረቀትሽን ሠርቼዋለሁ። ከየመስመሩ ጎን ያለው በቀይ ቀለም የተጻፈው የማሽኑ መልስ ነው። ሦስት ቦታ ተሳስተሻል፤ ማሽኑ ያለሽን እንዳለ ጽፌዋለሁ። ፈቃድ የሚባለውን ግን አልጨበጥሽውም፤ ስለዚህ ልድገመው። እያንዳንዱ ፋይል ሦስት ዓይነት ሰው ያውቃል። ባለቤቱን፣ የባለቤቱን ጓዶች፣ ሌላውን ሕዝብ ሁሉ። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ጥያቄ አለ፤ ማንበብ ይችላል? መጻፍ ይችላል? ማሠራት ይችላል? የባለቤቱን ከሕዝቡ አትቀላቅይ። ለሕዝቡ የከፈትሽውን በር ለባለቤቱ ዘግተሽ ብትተዪ ማሽኑ አይገርመውም፤ ባለቤቱን በገዛ ቤቱ ይከለክለዋል። አራት ገጽ ሙሉ ምሳሌ አዘጋጅቼልሻለሁ፤ እጄ እስኪዝል ነው የጻፍኩት።

እዚህ ነፋሱ በርትቷል። ሰው ሁሉ ደጅ ደጁን ነው የሚያየው። ስለ ነፋስ በደብዳቤ ብዙ አይጻፍም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዬ ዋናው እማማ ሣጥን ውስጥ አለ፤ የክርስትና ወረቀቴም እዚያው ነው። ሁለቱን በአደራ ፖስታ ላኪልኝ። ግልባጭ አይሆንም፤ ዋናዎቹን። ለሰው ባታወሪው ይሻላል፤ እንዲሁ የቢሮ ጣጣ ነው።

በርቺ። ፈተናውን እንደምታልፊ አልጠራጠርም።

ዘርአ ዳዊት


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘርአ ዳዊት

የጌታችን ልደት በሰላም ያግኝህ። ስለ ፈቃድ የጻፍህልኝን አራት ገጽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከመጽሐፉ ይልቅ አንተ ታስረዳለህ፤ ይህን ለማመስገን ብቻ አልጻፍሁትም፣ እውነት ስለሆነ ነው። ሁለተኛውን የትእዛዝ ወረቀት አያይዣለሁ። ይህኛው ረጅም ነው፤ ፋይሎች የሚያድሩበትን ማኅደር መክፈት፣ ፋይሎችን ማዛወር፣ የማያስፈልገውን ማኅደር ማፍረስና በቴፕ መገልበጥን በተከታታይ ይዟል።

የጠየቅሃቸው ሁለቱ ወረቀቶች ደግሞ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ናቸው። ቅዳሜ አንኮበር ሄጄ ነው ያመጣኋቸው። እናትህ ከሣጥናቸው ሲያወጡ ብዙ ጊዜ ወሰዱ፤ ማስረጃውን አገላብጠው አዩና «ለምን ፈለገው?» አሉኝ።

«የቢሮ ጉዳይ ነው ብሏል፤ ለትምህርት ቤቱ ይሆናል» አልኋቸው።

«ሲገባ አሳይቶት የለም ወይ? ተማሪ ወረቀት የሚጠየቀው ሲገባ ነው ሲወጣ?»

«እጽፍለትና እጠይቀዋለሁ» አልሁ፤ ስለዚህ እጠይቅሃለሁ። ለምንድን ነው? «ለሰው ባታወሪው» ያልኸውስ ለምንድን ነው? ከእናትህ የምደብቀው ነገር እንዲኖረኝ አልፈልግም።

ስለ ተማሪነትህ ማስረጃ ባለፈው ደብዳቤህ አንዲት ቃል አላነሣህም። ስለ ፈቃድ አራት ገጽ የጻፈ እጅ ስለዚህ አንድ መስመር ለመጻፍ ሊዝል አይገባውም። ምዝገባው የሚዘጋው በሰኔ ቢሆንም አቶ ወልደአረጋይ እስከ መጋቢት መጨረሻ እንዳቀርብላቸው አሳስበውኛል።

ወለተሐና


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 18 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘርአ ዳዊት

ጤንነትህን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ አላውቀውም። ለታኅሣሡ ደብዳቤዬ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። እናንተ ባላችሁበት ስለ ደረሰው ለውጥ በሬዲዮ ሰምተናል፤ እናትህ ከአንኮበር በየገበያው ቀን ሰው እየላኩ «ደብዳቤ አለ ወይ?» ይሉኛል። ደኅና መሆንህን ብቻ ብትጽፍም ለእሳቸው ይበቃል። ለእኔ ግን አይበቃም።

ወለተሐና


መጋቢት 6 ቀን 1982 ዓ.ም.

ወለቴ፣ አትቆጪኝ። ቤት ስለ ቀየርኩ ደብዳቤሽ ዞሮ ዞሮ ነው የደረሰኝ። ለእማማ ደኅና ነው፣ ወፍሯል በያት። ማስረጃዎቹ ደርሰውኛል፤ እጅሽን ይባርከው።

ሁለተኛው ወረቀትሽ ድንቅ ነው! ማሽኑ ላይ አንድ በአንድ ጻፍኩት፤ አንዲት ስሕተት የለበትም። ከአንደኛው መስመር እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ፈጸመው። ዩኒክስ ሲስማማ ዝም ነው የሚለው፤ የሚናገረው ሲከፋው ብቻ ነው። ለፈተናው ይህንኑ ወረቀት በቃልሽ ያዢ፤ እንዳለ ብትጽፊው ፈታኙ ኮፍያውን ያነሣልሻል።

ቴፕን በተመለከተ፦ ገልብጦ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም። የገለበጥሽውን መልሰሽ ካላነበብሽ እንደ ሌለሽ ቁጠሪው። ብዙ ሰው ባዶ ቴፕ በክብር ቆልፎ ያስቀምጣል።

ስለ ወረቀቱ በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። አሁን ቢሮው ሁሉ ተተረማምሷል።

ዘርአ ዳዊት


ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለዘርአ ዳዊት ወልደተንሣኤ

ከሰላምታ ጋር የምጽፍልህ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ማሽን ፊት ከተቀመጥህ ስንት ጊዜህ ነው?

ባለፈው ሳምንት ለፈተናው የታጩ ሁሉ አዲስ አበባ ተጠርተው በእውነተኛው ማሽን ላይ እንዲለማመዱ ተደረገ። ተራዬ ሲደርስ አንተ «አንዲት ስሕተት የለበትም» ያልኸውን ሁለተኛውን ወረቀት እንዳለ ጻፍሁት። በቃሌ ይዤው ነበር። መሐሉ ላይ ስደርስ ማሽኑ አቆመኝ፤ «ማኅደሩ ባዶ አይደለም» አለኝ። ጣቴ የሳተ መስሎኝ ደግሜ ጻፍሁ፤ ያንኑ መለሰ። አሠልጣኙ ከኋላዬ ቆሞ ኖሮ በሰው ፊት ሳቀ። «እመቤት፣ ዕቃው ሳይወጣ ቤቱ ይፈርሳል እንዴ? መጀመሪያ ፋይሎቹን አውጪ፤ ከዚያ ማኅደሩን አፍርሺ።»

ወረቀቱን አውጥቼ አየሁት። ስሕተቱ የእኔ ነው። ስተይበው ፋይሎቹን የማዛወሩን መስመር ከማፍረሱ በታች አድርጌዋለሁ፤ ከላክሁት በኋላም አላስተዋልሁትም። ከጎኑ ግን በቀይ ቀለም፣ በአንተ እጅ «ፈጸመው» ይላል። ምናልባት የጀርመኑ ማሽን ይለያል ብዬ አሠልጣኙን ጠየቅሁት። ስለ ሌላው ነገር ሊለያይ ይችላል፣ ይህን ትእዛዝ ግን ባዶ ባልሆነ ማኅደር ላይ የሚፈጽም ማሽን አላውቅም አለኝ።

እንግዲህ ያንን ወረቀት ማሽን አላየውም። አንተ አይተህ፣ ልክ ይመስላል ብለህ፣ «ማሽኑ ፈጸመው» ብለህ ጻፍህልኝ። በጥቅምት የላክሁትስ? እሱም እንደዚሁ ነበር? መሊካ የማታውቀውን «እኔ እንጃ» ትለኛለች። ካንተ ይህችን ቃል አንድ ጊዜ ባገኝ ኖሮ በሰው ፊት አልቆምም ነበር።

ከዚያ በኋላ ፖስታዎችህን አወጣሁ። የመጋቢቱ ደብዳቤ ከወትሮው ሌላ ነው፤ ከቀኑ በፊት የከተማ ስም የለውም። ቴምብሩም የሌላኛው፣ የምዕራቡ ጀርመን ነው። ፖስታችን በጽሕፈት ቤቱ ሣጥን ስለሚመጣ ይህን መጀመሪያ ያየሁት እኔ አይደለሁም። አቶ ወልደአረጋይ በራቸውን ዘጉና እንዲህ አሉኝ።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። አንዲት ማኅተም ያለባት ወረቀት አምጪልኝ፤ ማን እንዳተመው አልጠይቅም። ጫጫ ላይ የዩኒቨርሲቲ ማኅተም ከጎማ የሚቀርጽ ሰው አለ ሲሉ እሰማለሁ።»

«ጀርመንኛውንስ ማን ይጽፈዋል?» አልኋቸው።

«እዚህ ቤት ጀርመንኛ የሚያነብ ማን አለ?»

አላደርገውም አልሁ። የሌላውን ሰው ፋይል እጠብቃለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው በሐሰት ማኅተም መጀመር የለበትም። «እንግዲያው ከዘመድሽ ጋር ጨርሺ» አሉኝ።

እየጨረስሁ ነው። ተማሪ ነህ ወይስ አይደለህም? በአንድ ቃል መልስልኝ።

ወለተሐና ገብረመንፈስቅዱስ


ሐምቡርግ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1982 ዓ.ም.

ወለተሐና፣

አይደለሁም።

ይኸው አንድ ቃል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሒሳቡ ጣለኝ፤ ደገምኩት፣ እንደገና ጣለኝ። ካምና መጋቢት ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አልደረስኩም። ላይፕዚግ ማተሚያ ቤት ወረቀት ስሸከም ነበር። የድንበሩ በር ሲከፈት እንደ ሰው ሁሉ ወጣሁ። አሁን ወደብ ላይ ዕቃ አወርዳለሁ። ማስረጃዎቼን የፈለግኋቸው እዚህ ጥገኝነት ለመጠየቅ ነው።

ታዲያ ምን ላድርግ ነው የምትይው? ብመለስ የሚጠብቀኝ ዲፕሎማ ነው? ክላሽ ነው። አምና የተመለሱትን ልጆች ወዴት እንደ ጫኗቸው አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂያለሽ።

መልሶቹን ከመጽሐፍና ከጭንቅላቴ ጻፍኩ፤ አዎ፣ የመጀመሪያውንም። ግን ስንቱ ትክክል ነበር? በሌላ መንገድ ማን ያስተምርሽ ነበር? ሥራ ውዬ ጀርባዬ ተቆርጦ እየገባሁ ያንን ሁሉ ገጽ የጻፍኩት እኮ ለሌላ ለማንም አይደለም። ያን ስጽፍልሽ ብቻ ነበር ተማሪ የምመስለው። አንዲት ማኅደር ስላልፈረሰች ይኼ ሁሉ ክስ!

ዋስትናውን ደግሞ ያስፈረምኩሽ እኔ አይደለሁም። እማማ መጣች፣ ፈረምሽ። እምቢ ማለት ትችዪ ነበር፤ እምቢ ማለት እንደምትችዪ በየደብዳቤሽ አይቻለሁ።

ይልቅ ስሚኝ። ያንን ፈተና ተይው። እዚህ በየሱቁ ማሽን አለ። ጥሪ አስልክልሻለሁ፤ ነይና በእውነተኛው ላይ ተማሪ። ያ ሀገር ላንቺ የሚሆን አይደለም።

ዘርአ ዳዊት


ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 10 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለዘርአ ዳዊት ወልደተንሣኤ
ሐምቡርግ

እግዚአብሔር ያለህበትን ሥፍራ የሰላም ያድርግልህ። በሕይወት መኖርህ አላስከፋኝም፤ ይህን ቀድሜ መጻፍ ግዴታዬ ነው። ባለመመለስህም አልወቅስህም። ጠብመንጃ እንድትይዝ ያን ጊዜም አልፈረምሁ፣ ዛሬም አልጠይቅህም። ትምህርትህን ባቋረጥህበት ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ ግን ዋስትናውን በወቅቱ አሳውቄ፣ የሚከተለውን ተቀብዬ፣ እስከ ሰኔ እጨርሰው ነበር። አንተ እውነቱን ትተህ ትምህርት ላክህልኝ። ትምህርቱ መልካም ነበር፤ ለዚህ ነው ይቅር ለማለት የቸገረኝ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ፖስታው ተከፍቶ፣ በሙጫ ተለጥፎ ነው። ስለ ክላሽ የጻፍኸው ሰው እጅ ገብቷል። ከሐምቡርግ ሆኖ እንዲህ መጻፍ ቀላል ነው፤ የሚያነበው ግን እኔ የምውልበት ከተማ ውስጥ ነው የሚውለው። ጥሪህን አልፈልገውም። እንዳትልከውም። ጥሪው ከመጣ «ቀድማ ተስማምታ ነበር» የሚሉኝ ሰዎች ማስረጃ ያገኛሉ።

በማግስቱ አቶ ወልደአረጋይ ዘንድ ገብቼ ዋስ የሆንሁለት ሰው ትምህርቱን ማቋረጡን፣ ወደ ሀገሩም እንደማይመለስ ራሴ ነገርኋቸው። «ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ።

«እርስዎ፤ ከጥቅምት ጀምሮ።»

«እኔ ወረቀት ነበር የጠየቅሁሽ፤ እውነት አልጠየቅሁሽም።» ቀጥለውም ከእንግዲህ ሁለት መንገድ ብቻ እንዳለኝ ነገሩኝ። አውቄ እንደደበቅሁ ተቆጥሮ ከፈተናው እሰረዛለሁ፣ ሥራዬም ይመረመራል፤ ወይም እንደ ተታለልሁ ከአንተ ከራስህ እጅ የተጻፈ ማስረጃ አቅርቤ ዋስትናው ለብቻው ይታያል፤ እኔም እፈተናለሁ።

እናትህ ዘንድም ሄጃለሁ። ሌላ ሰው አጣምሞ ከሚነግራቸው ብዬ ደብዳቤህን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ «ታዲያ ደኅና ነው አይደለም?» አሉ።

«ደኅና ነው።»

«ይበላል?»

«ሥራ ይዟል፤ ይበላል።»

እፎይ አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ መስሎኝ የነበረው ሊያጽናኑኝ ነው። «በይ እንግዲህ ይህን ወረቀት ስጪኝና ላቃጥለው። አንቺም አፍሽን ያዢ። ለአንዲት ፈተና ብለሽ ልጄን አሳልፈሽ እንዳትሰጪ።»

«ነገሩን ለቢሮ ተናግሬአለሁ፣ እትዬ» አልኋቸው፣ እጄን ጉልበታቸው ላይ አኑሬ።

ከጉልበታቸው ላይ እጄን አንሥተው ወደ እኔው መለሱት። ባለፈው እሑድ አንኮበር ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አባቴን ሰላም ብለው እኔን አለፉኝ። ከፈረምሁበት ቀን ጀምሮ «የእኛ ደመወዝተኛ» ይሉኝ የነበሩ ዘመዶች ሁሉ ዛሬ «ያች የቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ልጅ» ይሉኛል። አባቴ ራቱን ሲበላ ብቻ «ፈተናው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሰኔ 18 ነው አልሁት።

ፈተናውን ማለፍ አለማለፌን አላውቅም። መፈተን ግን እፈልጋለሁ። የምወድቅ ከሆነ በማላውቀው ነገር ልውደቅ፤ አንተ ባልጻፍኸው ወረቀት አይሁን። ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፤ ቃላቱንም እኔው እነግርሃለሁ፣ በአጻጻፍህ ከእንግዲህ መታመን አልችልምና። በአማርኛ፣ በገዛ እጅህ፣ ለጽሕፈት ቤታችን የሠራተኛ አስተዳደር እንዲህ ብለህ ጻፍ፦

«እኔ ዘርአ ዳዊት ወልደተንሣኤ ትምህርቴን በመጋቢት ወር 1981 ዓ.ም. አቋርጫለሁ። ይህንንም ዋስ ከሆነችኝ ከወይዘሪት ወለተሐና ገብረመንፈስቅዱስ እስከ ሚያዝያ 21 ቀን 1982 ዓ.ም. ደብቄአለሁ። ተማሪ መስዬ ለመታየት ባልነካሁት ማሽን ስም መልስ ስጽፍላት ቆይቻለሁ።»

ሙሉ ስምህን ጻፍና ፈርም። ስለ መንግሥት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ እናትህና ስለ እኔ ሌላ ቃል አትጨምር። ይቅርታም እዚያ ውስጥ አይግባ። በአደራ ፖስታ አድርገህ ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለእሳቸው ላከው፤ ሰኔ 15 ቀን 1982 ዓ.ም. ዓርብ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ምዝገባው ሳይዘጋ አቶ ወልደአረጋይ እጅ መግባት አለበት።

ወለተሐና ገብረመንፈስቅዱስ